«አላውቅም» ማለት አማና የሚሆንበት ጊዜ፦ ከጋላክሲያችን መሐል ስለሚመጣው ጨረር



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ ጥፋቴን ለማረም ነው። የተሳሳትኩት በብዙ ልጆች ፊት ስለሆነ እርማቱም በብዙ ሰው ፊት ቢሆን ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቁርኣን ደርስ በኋላ ለታዳጊዎች ሒሳብና ሳይንስ አስጠናለሁ። ኡስታዝ አይደለሁም፤ የሕክምና መሣሪያዎች መሐንዲስ ነኝ። አንድ ቅዳሜ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ በጋላክሲያችን መሐል አንቲማተር እየጠፋ ጋማ ጨረር እንደሚወጣ ቪዲዮ ላይ አይቼ ነበር። ያ ሁሉ አንቲማተር ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄው በጣም ደስ አለኝ። ከኋላ ደግሞ ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ ወላጆች ቆመው ነበር። በዚያ ሰዓት «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ከበደኝ። «መሐል ላይ ካለው ትልቁ ብላክ ሆል ነው፤ ተረጋግጧል» አልኳት። በዚህም አላበቃሁም። ፍጥረት በጥንድ መፈጠሩን የሚናገረውን የቁርኣን አንቀጽ አነሳሁና «አንቲማተርን ማለቱ ነው፤ ሳይንስ ገና አሁን ደረሰበት» ብዬ ጨመርኩ። ወላጆቹ «ማሻአላህ» አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረች። «ጋሼ፣ አንብቤ ነበር። ምንጩ እስካሁን በእርግጠኝነት አልታወቀም ነው የሚለው። ብላክ ሆሉም ከሚጠረጠሩት አንዱ ብቻ ነው» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስለ ቁርኣኑ የነገሩንም እንደዚሁ ነው?» ስትል ጠየቀች።

ያን ቀን የሚረባ መልስ አልሰጠኋትም። ነገር ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ከሥሩ ስትመለከቱት ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው ለመልካም ዓላማ ሲል ከሚያውቀው በላይ እርግጠኛ ሆኖ መናገር ይችላል ወይ? መልሴን ከመናገሬ በፊት ስለ ጨረሩ ራሱ ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም ትምህርቱን ያገኘሁት ከዚያው ነው።

በየቀኑ የማየው ጨረር

የሚያሳፍረው ነገር፣ ይህ ጨረር ለእኔ እንግዳ አለመሆኑ ነው። እንጀራዬ ነው። የምጠግነው በሆስፒታል ውስጥ ፔት ስካን የሚባለውን መሣሪያ ነው። ካንሰር ያለበትን ቦታ ለመፈለግ፣ ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት የስኳር ዓይነት በታካሚው ደም ሥር ይሰጣል። ብዙ ስኳር የሚፈጁ ሕዋሳት ይሰበስቡታል። ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ እየቀነሰ ሲሄድ ፖዚትሮን ያወጣል። ፖዚትሮን የኤሌክትሮን ተቃራኒ ነው፤ ክብደቱ እኩል ሲሆን የኤሌክትሪክ ሙሌቱ ግን ፖዘቲቭ ነው። አንቲማተር የምንለው ይህንና ይህን የመሰለውን ነው።

ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋሉ። በምትካቸው ሁለት የጋማ ጨረር ቅንጣቶች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራሉ። የእያንዳንዳቸው ጉልበት 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ በዓይናችን ከምናየው ብርሃን ወደ 200 ሺህ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የአንድ ኤሌክትሮን ክብደት ወደ ጉልበት ሲለወጥ የሚሰጠው ልክ ይህን ያህል ነው። ስለዚህ 511 እንደ ጣት አሻራ ነው፤ እሱ የታየበት ቦታ ፖዚትሮን ጠፍቷል ማለት ነው።

ይህ እውቀት ገና መቶ ዓመቱ ነው። እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1928 ኤሌክትሮንን የሚገልጽ ቀመር አወጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀመሩ ያልተጠበቀ ተጨማሪ መልስ ይሰጥ ነበርና በ1931 ዲራክ የኤሌክትሮን ተቃራኒ የሆነ ቅንጣት ሊኖር ይገባል አለ። በ1932 አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮችን ሲመረምር ቅንጣቱን በዱካው አገኘው።

ከሰማይ የመጣው 511

ጋማ ጨረር ከባቢ አየርን አልፎ መሬት አይደርስም። ስለዚህ መመርመሪያውን ወደ ላይ ማውጣት ግድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቴክሳስ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአርጀንቲና ትልልቅ ፊኛዎችን አምጥቀው ከጋላክሲያችን መሐል አቅጣጫ የሚመጣ ጨረር አዩ። የለኩት ጉልበት ግን ወደ 476 ገደማ ነበር እንጂ 511 አልነበረም።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። 511 የሚለው ቁጥር ምን ያህል አጓጊ እንደነበር አስቡት። መመርመሪያቸው ጉልበትን አጥርቶ የሚለይ አልነበረም፤ ትንሽ ገፋ አድርገው «511 ነው፤ አንቲማተር አገኘን» ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? እነሱ ግን የለኩትን ቁጥር ከነስሕተት ወሰኑ ጻፉ። በኋላ ምክንያቱ ተገኘ። ፖዚትሮን ከመጥፋቱ በፊት ብዙ ጊዜ ከኤሌክትሮን ጋር ለአፍታ ተጣምሮ ፖዚትሮኒየም የሚባል አቶም ይሠራል፤ ይህ አቶም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው ወደ ሦስት ቅንጣቶች ነው፤ ሦስቱ ጉልበቱን ስለሚካፈሉት ከ511 በታች ይወድቃሉ። ደካማው መመርመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅሎ አይቷቸው ነበር። በ1977 ሌላ ቡድን ከአውስትራሊያ ባመጠቀው ፊኛ ላይ የተሻለ የጀርማኒየም መመርመሪያ ጭኖ ጨረሩን ልክ 511 ላይ አገኘው። ቁጥሩ ቢቃና ኖሮ የፖዚትሮኒየም ፍንጭ በዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር።

በጥቅምት 2002 የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት ኢንተግራል የተባለችውን ሳተላይት አመጠቀ። ምልከታዋን እስከ የካቲት 2025 ድረስ ቀጥላለች። በእሷ ምክንያት ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነው። በጋላክሲያችን ውስጥ በእያንዳንዱ ሴኮንድ የሚጠፋው ፖዚትሮን ብዛት ከ1 ቀጥሎ 43 ዜሮ በሚጻፍ ቁጥር የሚገለጽ ነው፤ በክብደት ስናሰላው በሴኮንድ ከ10 ቢሊዮን ቶን ያላነሰ ይሆናል። አብዛኛው ከመጥፋቱ በፊት ፖዚትሮኒየም ይሆናል። የሚጠፋበት ጋዝ ሙቀት በአብዛኛው ወደ 8 ሺህ ዲግሪ ገደማ ነው። ጨረሩ በጣም የሚደምቀው ከእኛ 26 ሺህ የብርሃን ዓመት በሚርቀው የጋላክሲው መሐል ዙሪያ ነው። ይህ ሁሉ ተለክቷል። ያልታወቀው አንድ ነገር ነው፤ ፖዚትሮኖቹ ከየት እንደሚመጡ።

ተጠርጣሪዎቹ

ለልጅቷ «ተረጋግጧል» ያልኳት ብላክ ሆል በእርግጥም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ነው። ከፀሐይ አራት ሚሊዮን እጥፍ የሚከብድ ግዙፍ ነገር እዚያው መሐል ላይ አለ። ነገር ግን በአሁኑ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ጨረሩ ደግሞ ከአንድ ነጥብ አይመጣም፤ በሰማይ ላይ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ከአሥር እጥፍ በላይ በሆነ ቦታ ተዘርግቷል። ምናልባት ብላክ ሆሉ በጥንት ጊዜ ብዙ ፖዚትሮን ወርውሮ ይሆናል። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ እኔ የቆረጥኳት እሷን ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አሉሚኒየም 26 ነው። በትልልቅ ከዋክብት ውስጥ ይሠራል፤ ሲፈራርስም ፖዚትሮን ያወጣል። ይህ ግምት አይደለም፤ የራሱ የሆነ 1809 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጨረር ስላለው በሰማይ ላይ የት የት እንዳለ በካርታ ተነሥቷል። ችግሩ ካርታዎቹ አለመገጣጠማቸው ነው። አሉሚኒየሙ አዳዲስ ከዋክብት በሚወለዱበት በጋላክሲው ጠፍጣፋ ዲስክ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ፣ 511 ግን ያረጁ ከዋክብት በተሰበሰቡበት መሐሉ ላይ ይደምቃል። ስለዚህ አሉሚኒየሙ የዲስኩን ድርሻ ሊያስረዳ ይችላል፤ የመሐሉን ግን አያስረዳም።

ሦስተኛው በሱፐርኖቫ ፍንዳታ የሚሠሩት ኮባልት 56 እና ታይታኒየም 44 ናቸው። ፖዚትሮን እንደሚያወጡ ይታወቃል። ጥያቄው ምን ያህሉ ከፍንዳታው ፍርስራሽ አምልጦ ይወጣል የሚለው ነው። አራተኛው ከጎረቤታቸው ኮከብ ጋዝ የሚስቡ ትናንሽ ብላክ ሆሎችና የኒውትሮን ኮከቦች ናቸው። አምስተኛው ደግሞ ጋዜጦች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ነው፤ ዳርክ ማተር። በ2004 የተወሰኑ ሳይንቲስቶች ቀላል የሆኑ የዳርክ ማተር ቅንጣቶች እርስ በርስ ተጋጭተው ፖዚትሮን ሊያወጡ ይችላሉ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። የጽሑፋቸው ርዕስ ራሱ የጥያቄ ምልክት ነበረው። ከዚያ የሰሙት ብዙዎች ግን የጥያቄ ምልክቱን ጥለው ወሬውን ብቻ ይዘው ሄዱ።

በመንገድ ላይ የወደቁ መልሶችም አሉ። በ1979 እና በ1980 አንድ ሳተላይት ጨረሩ በግማሽ ዓመት ውስጥ የቀነሰ መስሎ አሳየ። እንዲህ ቶሎ የሚለዋወጥ ከሆነ ምንጩ አንድ ትንሽ ነገር መሆን አለበት ተባለ። በ1990 ከአንድ ነጥብ ድንገተኛ ብልጭታ ሲታይ ያ ነገር «ታላቁ አጥፊ» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ ለዓመታት የተከታተሉ ሌሎች ሳተላይቶች ጨረሩ የማይለዋወጥ መሆኑን አሳዩ። በ1997 ደግሞ ከመሐሉ ወደ ላይ የሚፈልቅ የአንቲማተር «ምንጭ» ተገኘ ተብሎ ዜና ሆነ፤ ኢንተግራል ስትፈልገው አላገኘችውም። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይሉ የለ አባቶቻችን። ሆኖም እነዚህን ሳይንቲስቶች ለመንቀፍ አልቸኩልም። ያዩትን ከነማስረጃው ስላስቀመጡት ነው ሌላው ሊያርማቸው የቻለው። እኔ ለልጆቹ የሰጠኋቸው መልስ ግን የሚታረምበት ቀዳዳ አልነበረውም። «ተረጋግጧል» በሚለው ቃል ዘግቼዋለሁ።

የታየበትና የተወለደበት

መሐንዲስ እንደመሆኔ ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። በእኔ መሣሪያ ውስጥ የፖዚትሮን ምንጭ ማግኘት ቀላል ነው። በሰውነት ውስጥ ፖዚትሮን ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም ሳይርቅ ስለሚጠፋ፣ የጠፋበት ቦታ የተወለደበት ቦታ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ሁለቱንም ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ እንይዛለን፤ በመካከላቸው መሥመር ስንዘረጋ ዕጢው ይታያል። ሐኪሙም ውሳኔውን ይወስናል።

በሕዋ ውስጥ ግን ጋዙ እጅግ የሳሳ ስለሆነ አንድ ፖዚትሮን ከመጥፋቱ በፊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊጓዝ ይችላል። ከሁለቱ ቅንጣቶች ወደ እኛ የሚመጣው አንዱ ቢሆን ነው፤ ሁለተኛው ወደ ተቃራኒው ሄዷል። ስለዚህ የምናየው መቃብሩን ነው፤ የትውልድ መንደሩን አይደለም። ብላክ ሆሉ መሐል ላይ ስለሆነ፣ ጨረሩም መሐል ላይ ስለሚደምቅ «ስለዚህ ከእሱ ነው» ያልኩት የፔት ስካንን ደንብ ወደማይሠራበት ቦታ ወስጄ ነው። በአንድ ቦታ እውነት የሆነ ነገር በሌላ ቦታም እውነት ይመስለናል። ስሕተታችን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማናውቀው ነገር ላይሆን ይችላል። በደንብ የምናውቀውን ነገር ያለ ቦታው ስንጠቀምበትም እንሳሳታለን።

እናንተ እዚህ አገር የተወለዳችሁት ይህን ሳታውቁት አትቀሩም። ሰው መልካችሁንና ስማችሁን አይቶ ከየት እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምታምኑ፣ ምን እንደምታስቡ በአንዴ ይደመድማል። ያየው የተወሰነ ነገር ነው፤ የደመደመው ግን ስለ ሁሉ ነገር ነው። ሲደረግብን የሚያመን ይህ ነገር እኛም ስለ ሌላ ነገር ስናደርገው ያው ጥፋት ነው።

የራስን ጨረር መለየት

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን የኢንተግራል ሌላ ችግር ነው። በሕዋ ያሉ ኃይለኛ ቅንጣቶች የሳተላይቷን አካል ሲመቱ ከራሷ ብረት ውስጥ ፖዚትሮን ይወጣል፤ ያ ፖዚትሮን ሲጠፋም ያው 511 ይታያል። ማለትም መመርመሪያዋ የምትፈልገውን ጨረር ራሷ ታመነጫለች። ከራሷ የሚወጣው ደግሞ ከሰማይ ከሚመጣው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሳይንቲስቶቹ አብዛኛውን ልፋታቸውን ያዋሉት ወደ ሰማይ በመመልከት ላይ ሳይሆን «ከዚህ ውስጥ የራሳችን የትኛው ነው?» ብለው በመለየት ላይ ነው። 19ኙ የጀርማኒየም መመርመሪያዎችም በጨረር እየተጎዱ ልካቸው ስለሚዛባ በየጊዜው ሥራ አቁመው እንዲሞቁ ይደረግ ነበር፤ ሲሞቁ ጥራታቸው ይመለሳል።

በእኛ ቋንቋ ይህ ሙሐሰባ ነው፤ ነፍስን መተሳሰብ። ያን ቅዳሜ በውስጤ የነበረውን እርግጠኝነት ብመረምረው ኖሮ አብዛኛው ከራሴ የወጣ ነበር። ወላጆቹ እንዲያደንቁኝ ፈልጌያለሁ። ልጆቹ በዲናቸው እንዲኮሩ ፈልጌያለሁ። መልካም ፍላጎትም ቢሆን ፍላጎት ነው፤ ማስረጃ አይደለም። አስቸጋሪው ነገር፣ ከፍላጎት የሚወጣው እርግጠኝነትና ከእውነት የሚመጣው እርግጠኝነት ለልብ አንድ ዓይነት ስሜት መስጠታቸው ነው፤ ሁለቱም 511 ናቸው። የሚለያቸው «ይህ ከየት መጣብኝ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

«ለመልካም ዓላማ» የሚለው ምክንያት

ስሕተቴን ለልጆቹ ልናገር ማሰቤን ለአንድ የማከብራቸው አባት ባማክራቸው አልወደዱትም። «ልጆቹ እዚህ አገር በየትምህርት ቤቱ ኢማናቸው እየተፈተነ ነው። አንተ ደግሞ ጥርጣሬ ትጨምርባቸዋለህ? ትንሽ ብታጋንን ምን ይጎዳል?» አሉኝ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ የልጆቻቸው ነገር ያስጨንቃቸዋል። ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስላቸው ይገባል።

የመጀመሪያው መልሴ፣ ይህ ጥያቄ በዑለማዎቻችን ዘንድ አዲስ አለመሆኑ ነው። ሰውን ወደ ቁርኣን ለመሳብ ብለው ስለ ሱራዎች ትሩፋት ሐዲሥ የፈበረኩ ሰዎች በታሪክ ነበሩ። ዓላማቸው መልካም ነው ብለን እንውሰድ። የሐዲሥ ዑለማዎች ግን ዓላማቸውን አይተው አላለፏቸውም። የፈበረኩትን ለይተው አውጥተው ውድቅ አደረጉት። ሶሒሕና ደዒፍ የሚባሉት ደረጃዎች የቆሙት በዚሁ ጥንቃቄ ላይ ነው። ንግግሩ ያማረ ስለሆነ ብቻ ደዒፉን ሶሒሕ ያሉት የለም። እኔ ሐዲሥ አልፈበረኩም፤ አዑዙ ቢላህ። ግን «አላህ እንዲህ ማለቱ ነው» ብዬ እውቀት ሳይኖረኝ ተናግሬያለሁ። ተፍሲር ባለቤት አለው፤ እኔ ባለቤቱ አይደለሁም። አንቀጹ ስለ አንቲማተር አይደለም እያልኩም አይደለም፤ ይህንንም ለማለት እውቀቱ የለኝም።

ሁለተኛው መልሴ፣ ኢማንን በእኔ ግምት ላይ ማንጠልጠል ለኢማን ውለታ አለመሆኑ ነው። ግምቱ ሲወድቅ የተንጠለጠለበት ምን ይሆናል? ልጅቷ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያሳየችኝ ይህንኑ ነው። ብላክ ሆሉ ላይ ሲሳሳት ያየችው ሰው ስለ ቁርኣን የነገራትንም ተጠራጠረች። ጥርጣሬ የጨመረባት «አላውቅም» የሚለው ቃል ሳይሆን የእኔ «ተረጋግጧል» ነው።

ሦስተኛውን ለማየት ጊዜ ወስዶብኛል። አጋንኜ ልጅቷን ባስደስታትና ስሕተቴን ለዘላለም ባታውቅ እንኳን በድያታለሁ። እሷ የጠየቀችው ስለ ሰማይ ነበር። እኔ የመለስኩት ግን «ይህችን ልጅ እንዴት አድርጌ ላሳምናት?» ለሚለው ለራሴ ጥያቄ ነው። እሷ እንደ ሰው እውነቱን ጠየቀችኝ፤ እኔ ደግሞ እንደሚጠገን መሣሪያ ስሜቷን ላስተካክል ሞከርኩ። ሰው ጥያቄውን ሲሰጠን አማና ይሰጠናል። አማናን የምንመልሰው በተሰጠን ልክ ነው፤ ጨምረንበትም ቀንሰንለትም አይደለም።

ሁለት ዓይነት «አላውቅም»

እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት እንዳትሠሩ ላስጠንቅቃችሁ። «ምንጩ አልታወቀም» ማለት «ሁሉም መልስ እኩል ነው» ማለት አይደለም። የሰነፍ «አላውቅም» አለ፤ ማንበብን ለመሸሽ የሚባል። የለፋ ሰው «አላውቅም» ደግሞ ሌላ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ታውቋል፣ ከዚህ በኋላ አልታወቀም ብሎ ወሰኑን ያሳያል። ለምሳሌ ፖዚትሮኖቹ ሲወለዱ የነበራቸው ጉልበት በጣም ከፍተኛ ሊሆን እንደማይችል ይታወቃል፤ ቢሆን ኖሮ በጉዟቸው ላይ ሲጠፉ ሌላ ዓይነት ጋማ ጨረር ባየን ነበር። ይህ ብዙ መላምቶችን ያስወጣል። እንዲህ ያለ «አላውቅም» ከብዙ «አውቃለሁ» የበለጠ እውቀት አለበት።

ዑለማዎቻችን ለዚህም ቃላት አስቀምጠውልናል። የቂን አለ፤ ዘን አለ፤ ሸክ አለ። እርግጠኝነት፣ ወደ አንዱ ያመዘነ ግምት፣ እኩል ጥርጣሬ። ሦስቱን ቀላቅሎ በአንድ ድምፅ መናገር ነው ጥፋቱ። ስለ ኢማም ማሊክ የሚተረከውን ሰምታችኋል፤ ከሩቅ አገር ብዙ ጥያቄ ይዞ ለመጣ ሰው ለአብዛኛዎቹ አላውቅም ብለው መለሱለት። የመዲና ኢማም ናቸው፤ ክብራቸውም በዚህ አልቀነሰም። ይልቁንም በመለሷቸው ጥቂቶች ላይ ሰዉ የተማመነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህ ሚዛን ለሌላው ወገንም ይሠራል። በትምህርት ቤታችሁ «ሳይንስ አረጋግጧል፤ ስለዚህ ሃይማኖት አያስፈልግም» የሚላችሁ ሰው ይገጥማችኋል። በረጋ መንፈስ «የትኛው ሳይንስ? ምን ለክቶ? እስከ ምን ወሰን?» ብላችሁ ጠይቁት። ፖዚትሮን የሚቆጥር መሣሪያ ፖዚትሮን ይቆጥራል፤ ሕይወት ለምን እንደተሰጠን አይለካም። ነገር ግን ከእሱ የምንጠይቀውን ጥንቃቄ ከራሳችን መጠየቅ አለብን። አለበለዚያ ሁለታችንም ያው ሰው ነን፤ የያዝነው ባንዲራ ብቻ ይለያያል።

ተመልሼ የነገርኳቸው

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሁሉም ልጆች ፊት፣ ወላጆቹም ባሉበት፣ ቆሜ ተናገርኩ። ስለ ብላክ ሆሉ «ተረጋግጧል» ያልኩት ስሕተት መሆኑን፣ ስለ አንቀጹ የተናገርኩት ያለ እውቀት መሆኑን፣ ትርጉሙን ከተማሩ ዑለማዎች እንዲጠይቁ ነገርኳቸው። ልጅቷንም በፊታቸው አመሰገንኳት። ፊቴ ግሏል፤ አልዋሽም። አማክሬያቸው የነበሩት አባትም ከኋላ ቆመው ሰሙ። ምንም አላሉም፤ ሲወጡ ግን እጄን ጨበጡኝ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሠመርን፦ የምናውቀው፣ የምንገምተው፣ የማናውቀው። ልጆቹ ራሳቸው ሞሉት። የመጀመሪያው ዓምድ ካሰቡት በላይ ረዘመ። ሦስተኛው ላይ አንድ መሥመር ብቻ ተጻፈ፤ «ከየት ነው የሚመጣው?» ያን ቀን ከወትሮው ይልቅ ብዙ ጥያቄ ተጠየቀ።

ጥያቄው ሳይመለስ እንዲቀር ማንም አልተወውም። የአሜሪካው ናሳ ኮሲ የተባለ የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ በ2027 ለማምጠቅ እቅድ ይዟል። የዚህ መሣሪያ ቀዳሚ ሞዴል በ2016 ከኒውዚላንድ በፊኛ ተነሥቶ 46 ቀን ቆይቶ 511ን አይቷል። አዲሱ ቴሌስኮፕ የተሻለ ካርታ ይሰጠን ይሆናል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ይህኛው ንጋት ፊኛዎቹ ከተለቀቁ ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ወስዷል፤ ገናም አልነጋም። ምናልባት መልሱን የምታገኘው ያቺ ልጅ ትሆናለች። ብላክ ሆሉ ቢሆንስ? ያኔም ቢሆን እኔ ያን ቅዳሜ ትክክል ነበርኩ ማለት አይደለም። ሳያውቁ የገመቱት ቢሰምርም ግምት ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ያለኝ አደራ አጭር ነው። ስትጠየቁ የምታውቁትን ያህል ተናገሩ። የምትገምቱትን «እገምታለሁ» በሉ። የማታውቁትን አላውቅም በሉና ሄዳችሁ ፈልጉ። ታላላቆቻችሁም፣ እኔን ጨምሮ፣ «ተረጋግጧል» ስንላችሁ በአክብሮት «በምን?» ብላችሁ ጠይቁን። ድፍረት አይሆንባችሁም፤ አማናችንን እንድንወጣ ትረዱናላችሁ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።